«ባቤል»፣ «ባሩ» ወይስ «ዘ አንብሮክን»፦ ቅኝ አገዛዝን በምናብ ዓለም ከሚተርኩት የትኛውን ልግዛ?

ሦስቱም የእንግሊዝኛ ልቦለዶች የተገዢውን ሕዝብ ልጅ ገና በለጋነቱ ወስዶ ገዢውን እንዲያገለግል ስለሚያሠለጥን ሥርዓት ይተርካሉ። ልዩነታቸው ልጁ በሚማረው ሙያ ላይ ነው፦ ትርጉም፣ ሒሳብ፣ ውትድርና።

የአር. ኤፍ. ኩዋንግ «ባቤል» (እ.ኤ.አ. 2022) በ1830ዎቹ ኦክስፎርድ ውስጥ ይካሄዳል። አስማቱ የሚሠራው በብር ነው። በብሩ ላይ በሁለት ቋንቋ ተቀራራቢ ፍቺ ያላቸው ቃላት ይቀረጻሉ፤ ሲተረጎም የሚጎድለው ፍቺ ኃይል ሆኖ ይወጣል። ቅኔ ሲተረጎም ሰሙ ተሻግሮ ወርቁ እንደሚቀር የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ብሩ የሚይዘው ያንን የቀረውን ነው። ቃላቱን የሚያነበው ሰው ሁለቱንም ቋንቋ አጥርቶ ማወቅ ስላለበት፣ ብሪታንያ ከቻይናዋ ካንተን ከተማ እንደመጣው ባለታሪክ ሮቢን ያሉ ልጆች ያስፈልጓታል። የግፉ ሥርና የአስማቱ ሥር አንድ መሆናቸው የመጽሐፉ ትልቅ ብርታት ነው። ድክመቱ ስብከት መብዛቱ ነው፤ አንባቢው ራሱ የደረሰበትን ነገር ገጸ ባሕርያቱ ደግመው ያስረዱታል። የግርጌ ማስታወሻው ብዙ ስለሆነ ከስልክ ይልቅ የወረቀቱ እትም ይመረጣል። ታሪኩ በአንድ ጥራዝ ያልቃል።

የሴዝ ዲኪንሰን «ዘ ትሬተር ባሩ ኮርሞራንት» (2015) አስማት የለውም ማለት ይቻላል። ደሴቲቱን ታራኖኬን የሚውጧት ንግድ፣ የወረቀት ገንዘብ፣ ትምህርት ቤትና በሽታ ናቸው። የደሴቲቱ ልጅ ባሩ የገዢው ግዛተ መንግሥት ሒሳብ ሹም ሆና ወደ ሌላ ቅኝ ግዛት ትላካለች፤ ብድርና የገንዘብ ዋጋ መሣሪያዎቿ ይሆናሉ። አገዛዝ ከውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ከሦስቱ አብልጦ የሚያሳየው ይህ ነው። የዚያ ቅኝ ግዛት መሳፍንት ብዙ በመሆናቸው መሐል ላይ ስም ይምታታል፤ የመሳፍንቱንና የግዛቶቻቸውን ስም በወረቀት እየጻፉ ማንበብ ይጠቅማል። የተከታዮቹ ጥራዞች ጀርባ ጽሑፍ የዚህን ፍጻሜ ስለሚያጋልጥ አስቀድመው አያንብቡት። የብሪታንያው እትም «ዘ ትሬተር» ብቻ ይባላል፤ ሁለቱን እንደተለያዩ መጻሕፍት አይግዟቸው።

የሲ. ኤል. ክላርክ «ዘ አንብሮክን» (2021) ሰሜን አፍሪካንና ፈረንሳይን ያስታውሳል። በልጅነቷ ተወስዳ ወታደር የሆነችው ቱሬን፣ አመፅ ልታፍን ወደ ተወለደችበት አገር ትመለሳለች። አምልኮን የከለከለው ገዢ ከዚያው አምልኮ የሚገኘውን የፈውስ ኃይል ይመኛል። ፍጥነት አለው፤ ግን ባለታሪኮቹ ወገን የሚቀይሩት በችኮላ ነው። የተከታታይ የመጀመሪያ ጥራዝ ነው።

ለወጣት ስጦታ ከሆነ፦ በሦስቱም ከባድ ጭካኔ አለ፤ በ«ባሩ» እና በ«ዘ አንብሮክን» የተመሳሳይ ጾታ ፍቅር የታሪኩ ማዕከል ነው።