ኪፓዱ ጢጥ ጢጥ ሲል፦ የዲኤስሲ ፓወርሲሪስ የቤት ማንቂያ ግምገማ

ዲኤስሲ የተባለው አምራች የቤት ማንቂያ የሆነው ፓወርሲሪስ ሕመሙን በደንብ ያውቃል፤ ለመናገር ግን ንፉግ ነው። ፒሲ1616፣ ፒሲ1832 እና ፒሲ1864 የሚባሉት ፓነሎች (የማንቂያው ዋና ቦርዶች) ባትሪያቸውን፣ የመብራት ኃይላቸውን፣ የሳይረናቸውን ሽቦና የስልክ መስመራቸውን ራሳቸው ይከታተላሉ። አንዱ ሲጓደል በኪፓዱ (ግድግዳ ላይ ባለው የቁጥር መጫኛ) ላይ የብልሽት መብራት ያበሩና በየ10 ሴኮንዱ ሁለት ጊዜ ይጮኻሉ። ድምፁ ለሁሉም ብልሽት አንድ ነው፤ የቱ እንደሆነ ለማወቅ መጠየቅ ያስፈልጋል። አጠያየቁን ለሚያውቅ ባለቤት ይህ ፓነል በጣም ጥሩ ዕቃ ነው። ለማያውቅ ግን ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ የሚነሳ ሳጥን ይሆናል።

በቅድሚያ የሚጮኸው ኪፓዱ መሆኑን አጣሩ። ጣሪያ ላይ ያለ ለብቻው የሚሠራ የጭስ ጠቋሚ ባትሪው ሲደክም በየደቂቃው ገደማ አንድ ጊዜ አጭር ድምፅ ያሰማል፤ ብዙ ሰው ይህንን ከማንቂያው ድምፅ ጋር ያምታታል። ከኪፓዱ ፊት ቆሞ ማዳመጥ ይበቃል። ድምፁ ከሱ ከሆነ መሰላል (#) ሲጫኑ ዝም ይላል። ዝም አለ ማለት ግን ተስተካከለ ማለት አይደለም፤ መብራቱ እንደበራ ይቆያል፣ አዲስ ብልሽት ሲመጣም ጩኸቱ ይመለሳል።

ቀጥሎ ኮከብ (*) እና 2 ይጫኑ። ስምንት ዓይነት ምላሽ አለ። 1 ጥገና ያስፈልጋል፣ 2 መብራት የለም፣ 3 የስልክ መስመር ተቋርጧል፣ 4 ወደ ተቆጣጣሪው ጣቢያ (ማንቂያውን ከርቀት ወደሚከታተለው ድርጅት) መልእክት ማስተላለፍ አልተቻለም፣ 5 የዞን (አንድ ሴንሰር የሚጠብቀው በር ወይም ቦታ) ብልሽት፣ 6 የሴንሰር ሽፋን ተከፍቷል ወይም ተነካክቷል፣ 7 የገመድ አልባ ዕቃ ባትሪ ደክሟል፣ 8 ሰዓቱ ጠፍቷል። አምራቹ ይህን ዝርዝር በኪፓዱ ክዳን ውስጥ ቢለጥፈው ኖሮ ግማሹ የጥገና ጥሪ ባልተደረገ ነበር። ጽፋችሁ ራሳችሁ ለጥፉት።

ከስምንቱ በጣም አስቸጋሪው 1 ነው፤ ምክንያቱም ስምንት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ቁጥር ታጭቀውበታል። በ*2 ውስጥ እያሉ 1ን እንደገና ሲጫኑ ይዘረዘራል፦ 1 ከሆነ የፓነሉ ባትሪ፣ 2 ከሆነ የሳይረን መስመር፣ 3 አጠቃላይ የሲስተም ብልሽት፣ 4 የሲስተም መነካካት፣ 5 ከፓነሉ ጋር የተያያዘ ሞጁል መጥፋት፣ 6 የሬዲዮ ሞገድ መታወክ ነው፤ 7 እና 8 ደግሞ ተጨማሪ የኃይል ሞጁል የተገጠመላቸውን ብቻ ይመለከታሉ። በቤት ውስጥ በብዛት የሚታየው የመጀመሪያው፣ ማለትም ባትሪው ነው።

ባትሪው በብረት ሳጥኑ ውስጥ የሚቀመጥ ባለ12 ቮልት ዝግ የሊድ አሲድ ባትሪ ነው፤ 4 ወይም 7 አምፔር ሰዓት። ዕድሜው ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው፤ በሙቀት ቦታ የተሰቀለ ሳጥን ውስጥ ግን ቶሎ ያረጃል። ፓነሉ ቮልቴጁ ከ11.5 ሲወርድ ብልሽት ያውጃል፤ ብልሽቱን የሚያነሳው ደግሞ 12.5 ሲደርስ ብቻ ነው። ይህ ልዩነት ሆን ተብሎ የተሠራ ነው፤ ባይኖር ኖሮ የደካማ ባትሪ ቮልቴጅ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ኪፓዱ ሲጮህና ሲያቆም ይውል ነበር። ጉዳቱ ደግሞ አዲስ ባትሪ ገጥሞ ጩኸቱ ወዲያው ይጠፋል ብሎ የሚጠብቅን ሰው ግራ ማጋባቱ ነው። ፓነሉ እንደተገዛ ባለው አሠራሩ በ400 ሚሊአምፔር ገደማ ስለሚሞላ፣ ባዶ የሆነ ባለ7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ለመሙላት አንድ ቀን ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ለ24 ሰዓት ታገሡ፤ ከዚያ በኋላም ብልሽቱ ካልተነሳ የተገዛው ባትሪ መደርደሪያ ላይ ያረጀ ሊሆን ይችላል፣ ወይም የመሙያው ክፍል ራሱ ተበላሽቷል።

በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ማረጋገጥ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ትራንስፎርመሩ (ሶኬት ላይ ተሰክቶ ለፓነሉ ኃይል የሚሰጠው ዕቃ) ተሰክቶ እያለ የሚነበበው 13.5 ወይም 13.8 ቮልት የመሙያው እንጂ የባትሪው አይደለም። ትራንስፎርመሩን ነቅላችሁ ፓነሉ በባትሪው ብቻ ሲሠራ ለኩ። ጤነኛ ባትሪ ከ12.5 በላይ ሆኖ ይቆያል፤ የሞተው በደቂቃዎች ውስጥ ይንሸራተታል። ሌላው መንገድ *6፣ ዋናውን የባለቤት ኮድ፣ ከዚያ 4 መጫን ነው። ይህ የሲስተም ፍተሻ ሳይረኑን ለ2 ሴኮንድ ያስጮኻል፣ የኪፓዱን መብራቶች ያበራል፣ ባትሪውንም ይፈትናል። ጣቢያ የሚከታተለው ቤት ከሆነ አስቀድሞ ደውሎ ሲስተሙን በፍተሻ ላይ እንዲያደርጉት መንገር ግድ ነው።

ሲቀይሩ ማንቂያው ጠፍቶ ይሁን። ጥቁሩን (አሉታዊውን) ሽቦ መጀመሪያ ነቅሎ፣ ቀጥሎ ቀዩን፤ ሲገጥሙ ቀዩን አስቀድሞ። ሁለቱ የሽቦ ጫፎች እርስ በርስም ሆነ ከብረት ሳጥኑ ጋር እንዳይነካኩ፤ ተገላቢጦሽ መግጠም ቦርዱን ሊያበላሽ ይችላል። ለመግዛት የአሮጌውን ጀርባ አንብቡ፦ ቮልቱ የግድ 12 መሆን አለበት፣ የጆሮው (ሽቦው የሚሰካበት የብረት ምላስ) ስፋትም ይመሳሰል። ጠባቡ 4.75 ሚሊሜትር፣ ሰፊው 6.35 ሚሊሜትር ነው፤ ጠባብ ማገናኛ በሰፊ ጆሮ ላይ አይገባም፣ ሰፊው በጠባብ ላይ ደግሞ ይላላል። ሳጥኑ ቦታ ካለው ባለ7ቱን መምረጥ ያዋጣል። ፓነሉ፣ ኪፓዶቹና ሴንሰሮቹ በድምሩ 300 ሚሊአምፔር ቢወስዱ 4 አምፔር ሰዓት በወረቀት ላይ 13 ሰዓት ያህል፣ 7 ደግሞ 23 ሰዓት ያህል ይሰጣል፤ በተግባር ከዚያ ይቀንሳል። የመኪና ባትሪ አይሆንም፤ መሙያው ለዚያ አልተሠራም።

1 ውስጥ 2 የሚያሳይ ከሆነ የሳይረኑ ሽቦ ተቆርጧል ወይም አንድ ሰው ጩኸቱ ሰልችቶት ነቅሎታል። ፓነሉ ይህን መስመር ያለማቋረጥ ስለሚፈትሽ ባዶ ከሆነ ብልሽት ብሎ ያሳውቃል። ሳይረን የማይፈለግ ከሆነ በቤል መጋጠሚያዎቹ (የሳይረኑ ሽቦ በሚታሰርባቸው) መካከል ባለ1000 ኦም ሬዚስተር (ቡናማ፣ ጥቁር፣ ቀይ) መግጠም ነው። ሳይረን የሌለው ማንቂያ ግን ለእኔ ትርጉም የለውም።

2 ሲበራ መጀመሪያ ትራንስፎርመሩን ተመልከቱ። 16.5 ቮልት ተለዋዋጭ፣ 40 ቮልት-አምፔር የሆነ ነው። በብዛት የሚያጋጥመው ምክንያት ሶኬቱ በግድግዳ ማብሪያ ማጥፊያ የሚቆጣጠር መሆኑ ነው፤ አንድ ሰው መብራት አጠፋሁ ሲል ማንቂያውንም አጥፍቶት ይሄዳል። ሶኬቱ ኃይል ካለው በፓነሉ ኤሲ መጋጠሚያዎች ላይ በተለዋዋጭ ቮልት መለኪያ ለኩ፤ 16 አካባቢ ካላነበበ ትራንስፎርመሩ ሞቷል ወይም ሽቦው ተቆርጧል። ሲተኩት ቮልቱም የኃይል መጠኑም ተመሳሳይ ይሁን፤ አነስተኛው ለጊዜው ይሠራና ባትሪውን በቅጡ መሙላት ያቅተዋል፣ ከሳምንታት በኋላም በ1 ቁጥር ይከፍላችኋል።

8 ከሁሉ ቀላሉ ነው። መብራትም ባትሪም አብረው ሲጠፉ ሰዓቱ ይጠፋል። *6፣ የባለቤት ኮድ፣ 1፣ ከዚያ ሰዓትና ደቂቃ በአራት አኃዝ (ከእኩለ ሌሊት በሚቆጠር የ24 ሰዓት አቆጣጠር)፣ ቀጥሎ ወር፣ ቀን፣ ዓመት በስድስት አኃዝ። ወሩ ከቀኑ እንደሚቀድም ልብ በሉ። ሲጨርሱ # ይጫኑ። ነገር ግን 8 ደጋግሞ ከመጣ ጉዳዩ የሰዓት አይደለም፤ መብራት በተቋረጠ ቁጥር ባትሪው አልያዘም ማለት ነው።

3 በብዛት የሚመጣው የቤት ስልክ መስመሩን ያቋረጡ ሰዎች ዘንድ ነው። ፓነሉ አሁንም መስመሩን ይፈልጋል። ጤነኛ መስመር ስልኩ ሳይነሳ 48 ቮልት ያህል አለው፤ ያ ከሌለ ጩኸቱ አይቆምም። ጣቢያ የማይከታተለው ቤት ከሆነ መፍትሔው የመስመር ክትትሉን ማጥፋት ነው፦ *8፣ የገጣሚው ኮድ (ማንቂያውን የገጠመው ባለሙያ ቅንብሩን የሚከፍትበት ቁጥር)፣ ክፍል 015፣ ከዚያ 7ን በመጫን አማራጩን ማጥፋት። ጣቢያ የሚከታተለው ከሆነ ግን ይህን ማድረግ ጠባቂውን ማደንቆር ነው፤ ይልቅ በሞባይል ኔትወርክ ወይም በኢንተርኔት የሚሠራ መገናኛ ሞጁል ይገጠም። 4 የዚሁ ተከታይ ነው፤ መስመሩ ከተስተካከለም በኋላ ቀጣዩ መልእክት በትክክል እስኪደርስ ድረስ በዝርዝሩ ላይ ይቆያል።

በ5፣ 6 እና 7 ላይ ያንኑ ቁጥር ደግሞ መጫን የቱ ዞን እንደሆነ ያሳያል። የሴንሰር ባትሪ በአብዛኛው ሊቲየም ነው፤ በክዳኑ ውስጥ የተጻፈውን ዓይነት ብቻ ይግዙ፣ የሚሞላ ባትሪ አይተካውም። ከቀየሩ በኋላ ክዳኑ ጠቅ ብሎ ካልገጠመ 7ን አጥፍታችሁ 6ን ታበራላችሁ። በመጨረሻም በሩን አንዴ ከፍቶ መዝጋት፣ ወይም በእንቅስቃሴ ሴንሰሩ ፊት ማለፍ፤ ፓነሉ ከሴንሰሩ አዲስ ምልክት እንዲያገኝ ነው።

በኪፓድ ምርጫ ላይ ጠንካራ አቋም አለኝ። ፒኬ5500 ብልሽቱን በጽሑፍ ያሳያል፤ ፒኬ5508 እና ፒኬ5516 መብራት ብቻ ናቸው፤ ፒኬ5501 ደግሞ በመሃል ነው፣ ምልክትና ቁጥር ያሳያል። ርካሹን መብራት ብቻ የሆነውን መግዛት ለገጣሚው እንጂ ለሚኖርበት ሰው አይጠቅምም። በአንድ ቤት ሁለት ኪፓድ ካለ ቢያንስ አንዱ ጽሑፍ የሚያሳይ ይሁን። በዚህ ረገድ የሃኒዌል ቪስታ ፓነሎች ከጽሑፍ ኪፓድ ጋር ሲሆኑ ያለ ምንም ጥያቄ በስክሪኑ ላይ ስለሚያሳዩ ለጀማሪ ይቀላሉ፤ ብልሽትን ዘርዝሮ በማሳየት ግን ፓወርሲሪስን እመርጣለሁ።

ቀድሞ የተገጠመበት ቤት የሚገዛ ወይም የሚከራይ ሰው አንድ ነገር ያጣራ፦ የገጣሚው ኮድ። ከፋብሪካ ሲወጣ 5555 ነው፤ ገጣሚዎች ግን ብዙ ጊዜ ይቀይሩታል፣ አንዳንዶችም ፓነሉ ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ እንዳይመለስ ይቆልፉታል። ኃይል ሲሰጠው የስልክ መስመር ሪሌው (በኤሌክትሪክ የሚሠራው ማብሪያ ማጥፊያ) በፍጥነት ጠቅ ጠቅ ካለ ተቆልፏል። እንዲህ ያለውን ፓነል ገጣሚው ኮዱን ካልሰጠ የገጣሚውን ቅንብር መቀየር አይቻልም፤ ስለዚህ ከፊርማው በፊት ኮዱን ጠይቁ።