ሚሼሊን ሮድ 5 ትሬይል በሱዙኪ ቪ-ስትሮም 650፦ ለቅዳሜና እሁድ ነጂ የሚሆን ጎማ

ሞተር የምነዳው ቅዳሜና እሁድ ነው። ከሰኞ እስከ አርብ ጋራዥ ውስጥ ተሸፍና ትውላለች። የምኖረው ሰሜን ቨርጂንያ፣ አሌክሳንድሪያ አካባቢ ነው። ሞተሯ የ2015 ሱዙኪ ቪ-ስትሮም 650 ስትሆን እኔ ሁለተኛ ባለቤቷ ነኝ። ሚሼሊን ሮድ 5 ትሬይል የሚባለውን ጎማ ካስገባሁላት አሁን ሁለተኛ ሰመሯን እያገባደደች ነው። ወደ 5,000 ማይል ገደማ ሄዳበታለች። ዝናብ አይታለች፤ ሁለት ሰው ተሸክማለች፤ ሚስማርም ወግቷታል። ስለ ጎማው አሁን በሙሉ አፌ መናገር እችላለሁ።

ጎማ ልግዛ ስል ያማከርኳቸው ሰዎች መጀመሪያ የሚያነሱት አንድ ጥያቄ ነበር። “ስንት ማይል ይሄዳል?” በየቀኑ ሥራ ለሚመላለስበት ሰው ተገቢ ጥያቄ ነው። እንደኔ በሳምንት አንዴ ለሚነዳ ግን ጥርሱ ሳያልቅ ጎማው ያረጃል። ላስቲክ ቆሞም ይደርቃል። ፀሐይ፣ ሙቀትና አየር ውስጥ ያለው ኦዞን ቀስ በቀስ ይሰነጣጥቁታል። ዕድሜው ሲገፋ ይጠነክራል፣ ሲጠነክር ደግሞ አስፋልት መያዝ ያቅተዋል። ስለዚህ ብዙ ማይል የሚሄድ ጎማ ቢሰጠኝ፣ ግማሹን ሳልጠቀምበት አውጥቼ መጣሌ ነው። እኔ ማወቅ የፈለግኩት ሌላ ነገር ነው። በቀዝቃዛ ጠዋት፣ ገና ሳይሞቅ፣ በረጠበ መንገድ ላይ ምን ያህል ይይዛል?

ይህን እንድጠይቅ ያደረገኝ አሮጌው ጎማ ነው። ሞተሯን ስገዛ ከፋብሪካ የወጣችበት ጎማ ላይዋ ላይ ነበር። ጥርሱ ወፍራም ነው። ሻጩ “ገና ምኑም አልተነካ” አለኝ፤ ጥርሱን ብቻ ላየ ሰው እውነቱን ነው። ጎኑ ላይ ግን ዲ.ኦ.ቲ ከሚሉት ፊደላት ጀምሮ የሚሄደው ጽሑፍ መጨረሻው አራት ቁጥር ነው። የእኔው 4714 ይላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይነግራሉ። በ2014 በ47ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። በጥፍሬ ስጫነው አይሰምጥም። ቸርኬው አጠገብ፣ ዙሪያውን፣ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ይታያሉ። አንድ ዝናባማ ጠዋት ኮሎምቢያ ፓይክ ላይ ከመብራት ስነሳ፣ የእግረኛ ማቋረጫው ነጭ ቀለም ላይ የኋላው ጎማ ሸርተት አለ። ነዳጅ አልሰጠኋትም፤ ቀስ ብዬ ነው የተነሳሁት። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ጎማ መፈለግ ጀመርኩ።

ሚሼሊን፣ ጎማ አምስት ዓመት ካገለገለ በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ ይመክራል። ከተመረተ አሥር ዓመት ከሞላው ደግሞ ጥርስ ቢኖረውም ይቀየር ይላል። እኔ አሥር ዓመት ለሞተር ረጅም ነው ባይ ነኝ። መኪና አንዱ ጎማ ቢከዳው ሦስት ይቀሩታል። ሞተር ላይ አስፋልቱን የሚነካው ላስቲክ በአንድ ጎማ ከመዳፍ አይበልጥም። ለእኔ ስድስት ዓመት ይበቃል።

ቪ-ስትሮም 650 የምትወስደው ከፊት 110/80R19፣ ከኋላ 150/70R17 ነው። በዚህ ልክ የሚመረተው ጎማ ብዙ ስለሆነ መምረጡ ጊዜ ይወስዳል። ሺንኮ 705ን የቪ-ስትሮም ሰዎች ይወዱታል። ዋጋው የሚሼሊኑ ግማሽ አካባቢ ነው፣ ኮረኮንችም ይሞክራል። ሄይደናው ኬ60 ስካውት በረጅም ዕድሜው የታወቀ ነው። ክፍለ አገር ለክፍለ አገር ለሚያቋርጥ፣ ሻንጣ ጭኖ ሳምንታት ለሚጓዝ ሰው እሱን እመርጥለታለሁ። አናኪ አድቬንቸር የሚሼሊን ነው፤ 80 በመቶ ለአስፋልት 20 በመቶ ለኮረኮንች ታስቦ የተሠራ። ሮድ 5 ትሬይል ግን ንጹሕ የአስፋልት ጎማ ነው። እንደ ቪ-ስትሮም ላሉ ረጃጅም ሞተሮች በሚሆን ልክ ነው የተሠራው።

ቪ-ስትሮምን መልኳን ላየ ሰው ትልልቅ ጥርስ ያለው ጎማ ያምርባታል። ግን የት ነው የምነዳት? በሃይዌይ 66 ወጥቼ፣ በዋረንተን አድርጌ፣ 211 የሚባለውን መንገድ ይዤ ስፐሪቪል እደርሳለሁ። ከዚያ ቶርንተን ጋፕ ድረስ ዳገቱን በጥምዝ በጥምዝ መውጣት ነው። ላይ ስደርስ ስካይላይን ድራይቭ ይጠብቀኛል። ከፍሮንት ሮያል እስከ ሮክፊሽ ጋፕ 105 ማይል፣ የተራራውን ጫፍ ይዞ የሚሄድ መንገድ ነው። የፍጥነት ገደቡ 35 ማይል ነው፤ አጋዘን እንደልቡ ስለሚያቋርጥ ከዚያ በላይ መሮጥም አያስመኝም። ይህ ሁሉ አስፋልት ነው። በዓመት አንዴ ለምረግጠው ጠጠር ብዬ ሌላውን ቀን ሁሉ መጎዳት አልፈለግኩም።

አሁን ስለ ጎማው አሠራር ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ለቅዳሜና እሁድ ነጂ እዚህ ላይ ነው ቁም ነገሩ። ሮድ 5 ላይ መሃሉና ጎኑ አንድ ዓይነት ላስቲክ አይደለም። መሃሉ ጠንከር ያለ ነው፤ ሃይዌይ ላይ ቀጥ ብለን ስንሄድ የሚበላው እሱ ነውና። ጎኑ ለስላሳ ነው፤ ወደ ጥምዝ ስንጋደም የሚይዘን እሱ ነው። የኋላው ጎማ ላይ ደግሞ ጠንካራው ላስቲክ ከለስላሳው ሥር ገብቶ እስከ ዳር ይዘልቃል፤ ተጋድመን ነዳጅ ስንሰጥ ጎኑ እንዳይልፈሰፈስ ነው። ሌላው ቀጫጭኖቹ ስንጥቆች ናቸው። ከላይ ጠባብ ናቸው፤ ወደ ውስጥ ሲወርዱ ይሰፋሉ። ጎማው እየተበላ ሲሄድ ክፍተቱ ይጨምራል፣ ውኃ ማስወጣቱም አይቀንስም። ኩባንያው ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሄደ ሮድ 5 በረጠበ መንገድ ላይ ከእሱ በፊት እንደነበረው እንደ አዲስ ፓይለት ሮድ 4 ይቆማል ይላል። የመሸጫ ማስታወቂያ መሆኑን አልረሳም። እኔ ግን ያንን ርቀት ካለፍኩት ቆይቻለሁ፤ በዝናብ ውስጥ ፍሬን ስይዝ ልዩነት አላገኘሁበትም።

ተተኪው ሮድ 6 የወጣው በ2022 ነው። እሱ ሲመጣ ሮድ 5 ቅናሽ ተደረገበት፣ እኔም በዚያ ዋጋ ነው የገዛሁት። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በቅናሽ የሚሸጥ ጎማ መጋዘን ውስጥ ከርሞ ሊሆን ይችላል። ከመክፈሌ በፊት ሻጩን የአራቱን ቁጥር ፎቶ እንዲልክልኝ ጠየቅኩት፤ ላከልኝ። ለመላክ የሚያንገራግር ሻጭ ካጋጠማችሁ ሌላ ቤት ሂዱ።

ማስገጠሙ አታካች ነበር። አንዱ ጋራዥ ከእኛ ያልተገዛ ጎማ አንነካም አለ። ሌላው እንገጥማለን ብሎ የጠየቀው ዋጋ የአንድ ጎማ ግማሽ ያህል ነው። በመጨረሻ ሁለቱንም ጎማ ከነቸርኬያቸው ራሴ ፈትቼ በመኪና ይዤ ሄድኩ። እንዲህ ሲሆን ሒሳቡ በጣም ይወርዳል። የፊቱ ቀላል ነው። የኋላውን ለመፍታት ካቴናውን ማላላት ያስፈልጋል፤ ሲመለስም ካቴናው በልኩ መላላቱን ማየት ግድ ነው። ያገኘሁት ጎሚስታ ሥራውን የሚያከብር ሰው ነበር። አሮጌውን ቫልቭ ሳልጠይቀው ቀየረው። ቀስቱ ወደሚሽከረከርበት አቅጣጫ መዞሩን አየ። ከዚያ ባላንስ ሠራው። አጠገቡ ቆማችሁ እነዚህን ሦስቱን ተመልከቱ። አዲስ ጎማ መጀመሪያ ላይ ያንሸራትታልና የመጀመሪያዎቹን 100 ማይል በእርጋታ፣ ሳልጋደም፣ ፍሬን ሳልጨብጥ ነው የነዳሁት።

ልዩነቱ ወዲያው የታየኝ ሲጋደም ነው። አሮጌው ጎማ መሃሉ ጠፍጣፋ ሆኖ ስለነበር ሞተሯ መጀመሪያ አልታጠፍም ብላ ትገግምና በድንገት ትወድቅ ነበር። አዲሱ ላይ ከቀጥታ ወደ ጥምዝ መግባቱ አንድ ወጥ ነው፤ መሪውን መታገል የለም። የ211ን ዳገት ስወጣ ትከሻዬ ድሮ ይደክም እንደነበር ያወቅኩት መድከሙ ሲቀር ነው።

የፈለግኩትን መልስ ያገኘሁት ግን በጥቅምት ነው። ከስፐሪቪል ስነሳ ካፊያ ጀመረ። ቴርሞሜትሩ 46 ፋራናይት ይላል። አስፋልቱ ላይ እርጥብ ቅጠል ተለጥፏል። ስንጥቅ የሚደፈንበት ሬንጅም መንገዱን እንደ እባብ ያቋርጠዋል፤ ሲረጥብ ክፉ ነው። እንዲህ ባለው ቀን ድሮ ቢሆን እመለስ ነበር። ቀስ ብዬ ወጣሁ። ሬንጁ ላይ ሳልፍ ጎማው ትንሽ ይነቃነቃል፣ ወዲያው ይይዛል። አንዱ ጥምዝ ላይ አጋዘን ወጣችብኝና ሁለቱንም ፍሬን ያዝኩ። ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ኤቢኤስ ጣቴ ላይ አንዴ ትር አለ፣ ሞተሯ ቀጥ ብላ ቆመች። ቶርንተን ጋፕ ደርሼ ጓንቴን አውልቄ የኋላውን ጎማ በእጄ ዳሰስኩት። በዚያ ብርድና እርጥበት ውስጥ ለብ ብሏል። አሮጌው ጎማ በደረቅ ቀን እንኳ ለመሞቅ ብዙ ይቆይ ነበር።

ባለቤቴ ከኋላ ስትቀመጥ የኋላውን ንፋስ ከ36 ወደ 41 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ከፍ አደርጋለሁ፤ የፊቱ 33 እንደሆነ ይቆያል። መመሪያው የሚለው ይህንኑ ነው። ንፋስ የሚለካው ጎማው ሳይሞቅ፣ ከመነሳት በፊት ነው። ቆሞ ለሚከርም ሞተር ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ የአየሩ ሙቀት በ10 ፋራናይት በወረደ ቁጥር ጎማው አንድ ፒኤስአይ ገደማ ያጣል። መስከረም ላይ የሞላችሁት ኅዳር ላይ የለም። እኔ ቅዳሜ ጠዋት ቡናዬን ይዤ መጀመሪያ የማነሳው መለኪያውን ነው። በብርዱ ወራት ደግሞ በመሃል መቆሚያዋ አቆማታለሁ፤ የኋላው ጎማ ከሲሚንቶው ይነሳል። ማሞቂያውና የልብስ ማጠቢያው ካሉበት ክፍል አርቃታለሁ፤ ኤሌክትሪክ ሞተር ኦዞን ያመነጫልና።

ሚስማሩን ያገኘሁት በዚሁ የቅዳሜ ልማድ ነው። የኋላው ሁለት ቁጥር ጎድሎ አየሁ። ሳዞረው መሃሉ ላይ ተሰክቷል። ካላማዳሪያ የሌለው ጎማ ስለሆነ ንፋሱን ቀስ በቀስ ነው የለቀቀው። አንዳንድ ቤት የሞተር ጎማ አንደፍንም ይላሉ። የእኔው ጎሚስታ ጎማውን አውጥቶ ከውስጥ በኩል በእንጉዳይ ቅርጽ መድፈኛ ደፈነልኝ። ቀዳዳው ጎኑ ላይ ቢሆን ኖሮ መጣል ነበረበት።

ጠጠር ላይ ይህ ጎማ አይሆንም። ሉሬይ አካባቢ ወደ አንድ ወዳጄ እርሻ የሚያስገባ የጠጠር መንገድ አለ። ደረቅ ሲሆን በዝግታ አልፈዋለሁ። ጭቃ ከሆነ አስፋልቱ ዳር አቁሜ በእግሬ እገባለሁ። በወር ሁለቴ እንዲህ ያለ መንገድ የምትገቡ ከሆነ አናኪውን ወይም ሺንኮውን ተመልከቱ፤ እዚህ ገንዘብ አታጥፉ።

ሐዋሳ ያለው የአክስቴ ልጅ ፎቶውን አይቶ “ለእኔም ላክልኝ” ብሎኝ ነበር። የእሱ ሞተር ትንሽ ናት፤ ቸርኬዋ ባለሽቦ፣ ጎማዋ ባለካላማዳሪያ ነው። ይህ ጎማ ልኳም አይደለም። የነገርኩት ግን ለእሱም ይሠራል። ጎማ ሲገዛ አራቱን ቁጥር ያንብብ፤ መርካቶም ሆነ ሐዋሳ መደርደሪያ ላይ ያረጀ ጎማ አዲስ መስሎ ይሸጣል። አዲስ ጎማ ሲያስገባ ካላማዳሪያውንም አብሮ ይቀይር። አሮጌው ተለጥጦ ስለሚሰፋ አዲሱ ጎማ ውስጥ ሊታጠፍና እጥፋቱ ላይ ሊቀደድ ይችላል።

የጎማዎቹ ሁኔታ ዛሬ እንዲህ ነው። የኋላው መሃሉ በትንሹ ጠፍጠፍ ማለት ጀምሯል፤ የ66 ሥራ ነው። መዳፌን ከዳር እስከ ዳር ሳሳልፍበት ጠርዙ ይሰማኛል፣ ስነዳ ግን ገና አልተሰማኝም። የፊቱ ብዙ ቀርቶታል። የቨርጂንያን ዓመታዊ ምርመራ ያለ ምንም ጥያቄ አልፋለች። ጎኑ ላይ አንድም ስንጥቅ የለም።

መቀየሪያው ሲደርስ ሁለቱንም አንድ ላይ ነው የምቀይረው፤ የፊቱ ጥርስ ቢተርፍም። ያኔ የማስገባው ሮድ 6ን ነው። ሚሼሊን ከሮድ 5 ጋር ሲነጻጸር ዕድሜው በ10 በመቶ፣ በረጠበ መንገድ ያለው መያዝ በ15 በመቶ ይበልጣል ይላል። ዕድሜው ለእኔ ምንም አይጨምርልኝም። የዝናቡን 15 በመቶ ግን ልዩነቱን ከፍዬ እወስደዋለሁ።