ተረከዜን ልታለሰልስ የተቀመጠችው ልጅ

ይህን የምጽፈው ሁለት ሰዎችን ለማመስገን ነው። አንዷ ፔዲኪውር የምትሠራ ልጅ ናት። ሌላዋ የቆዳ ሐኪም ናት። ስማቸውን አልጠቅስም። ልጅቷ "ጋሼ፣ ስሜን እንዳይጽፉብኝ፣ አፍራለሁ" ብላኛለች። ሐኪሟን ደግሞ አላስፈቀድኳትም። በግል ለሚጠይቀኝ ግን የሁለቱንም አድራሻ በደስታ እሰጣለሁ።

ሰውዬው በስተርጅና ፔዲኪውር ጀመረ ብላችሁ የምትስቁ ካላችሁ፣ ሳቁ። እኔም ስቄያለሁ። ነገሩ የመጣው ከተረከዜ ነው። ተሰነጣጥቆ ካልሲ አልበረክት አለኝ። ልጄ "አባዬ፣ በዚህ ተረከዝ እኮ አንሶላ ትቀድዳለህ" እያለች ስታሾፍ ከርማ አንድ ቀን እጄን ይዛ ወሰደችኝ። እግሬን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ ተቀመጥኩ። ደስ ይላል ለካ!

ልጅቷ ቀኙን እግር ጨረሰች። ግራውን አነሳች፣ አደራረቀች፣ ሞረዱን ያዘች። ከዚያ ቆመች። እግሬን ወደ መብራቱ ዘወር አድርጋ አየችው።

"ጋሼ፣ ይሄ ጥቁር ነገር ስንት ጊዜው ነው?"

"የቱ?" አልኳት። የቱን እንደምትል ግን አሳምሬ አውቄያለሁ።

ከአንድ ዓመት በፊት ነው ያየሁት። ከጣቶቼ ዝቅ ብሎ፣ ስንረግጥ ክብደታችን የሚያርፍበት ቦታ ላይ። የእርሳስ ጫፍ የነካው ይመስል ነበር። ጫማ ነው፣ ደም ቋጥሮ ነው አልኩ። የቋጠረ ደም በሳምንታት ውስጥ እየደበዘዘ ይጠፋል። ይሄኛው አልጠፋም። እንዲያውም ሰፋ። አንደኛው ጎኑ ቡናማ ሆነ፣ ሌላው ጎኑ ጠቆረ። ጠርዙ የተቀደደ ወረቀት መሰለ። አንድ ቀን ካልሲዬ ላይ የደም ጠብታ አገኘሁ። ያኔ እንኳ ሐኪም ቤት አልሄድኩም። ኪንታሮት ነው ብዬ ራሴን በራሴ መረመርኩ።

(በነገራችን ላይ፣ ይሄ "ኪንታሮት" የሚባል ቃላችን ጉደኛ ነው። እጅ ላይ ለሚወጣውም፣ መቀመጫ ላይ ለሚወጣውም እሱኑ ነው የምንጠቀመው። መድኃኒት ቤት ሄጄ "የኪንታሮት መድኃኒት" ስል ባለሙያው መጀመሪያ ያወጣልኝ የሌላኛውን ነበር። ሁለታችንም አፈርን።)

የሰጠኝ ፈሳሽ ቆዳ የሚልጥ አሲድ ነው። ለእውነተኛ የእግር ኪንታሮት ይሠራል። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የሻጩ አይደለም፤ እግሬን አላሳየሁትም፣ የምፈልገውን ነገርኩት፣ ሰጠኝ። ሦስት ሳምንት ቀባሁ። ላዩ ነጭ ሆኖ ተላጠ። ደስ አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ጥቁሩ ተመልሶ መጣ። ከዚያ በኋላ ማየት አቆምኩ። ካልሲ ሳጠልቅ ዓይኔን ወደ ግድግዳው አዞር እንደነበር ያስተዋልኩት አሁን ስጽፍ ነው።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። "ኪንታሮት ነው፣ ትንሽ ሞርጅው" አልኳት። ሞረዱን አስቀመጠች።

"ሊሆን ይችላል ጋሼ። ግን እኔ ሐኪም አይደለሁም። ደግሞ ብሞርደው ሐኪሙ ማየት ያለበትን ነገር ነው የማጠፋው። ይሄን እኔ አልነካውም።"

ለምን እንዲህ እንደምታደርግ ጠየቅኳት። ሙያውን ያስተማረቻት ሴት ሦስት ነገር ከልክላታለች። እግር መዳፍ ላይ የሚቀያየር ጥቁር ነገር፣ ጥፍር ሥር የሚታይ አዲስ ጥቁር መስመር፣ አልድን ያለ ቁስል። እነዚህን አትነኪም፣ ለባለቤቱ ትነግሪያለሽ፣ ወደ ሐኪም ትልኪያለሽ። በቃ። ከዚያ የአሥሩንም ጣቶቼን ጥፍር አንድ በአንድ አየች። በጣቶቼ መካከልም አየች።

እዚህ ላይ የገረመኝን ልንገራችሁ። ካንሰር የሚለውን ቃል አንዴም አልተነፈሰችም። አላስፈራራችኝም። "ይሄ እኮ እንትን ነው" ብላ የሐኪም ካባ አልለበሰችም። "ምንም አይደለም" ብላም አላባበለችኝም። የምታውቀውን ነገረችኝ፣ የማታውቀው ጋ ቆመች። በዚህ ዕድሜዬ ብዙ ባለሙያ አይቻለሁ። ይቺን መስመር የሚያውቃት ጥቂቱ ነው። የግራ እግሬን ሥራም ትታው ለሌላው ሂሳብ ሳትጠይቅ ሸኘችኝ። አንድ ለስላሳ፣ አንድ ሻካራ ተረከዝ ይዤ ወጣሁ።

በማግስቱ ሄድኩ እንዳትሉ። አልሄድኩም። ሦስት ቀን ተንከላወስኩ። "ለዚህች ነገር ሐኪም ላስቸግር?" እላለሁ። "ጥቁር ሰው ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የቆዳ ካንሰር የሚይዘው?" እላለሁ። ልጄ ቀስ ብላ "ቦብ ማርሌይስ?" አለችኝ። ዝም አልኩ። ዘፈኑን እንጂ ሞቱን አስቤው አላውቅም ነበር። በእግሩ ጣት ጥፍር ሥር የጀመረው ሜላኖማ የሚባል የቆዳ ካንሰር በ1977 ተገኘበት፣ በ1981 በ36 ዓመቱ ገደለው። የዓመቶቹ ቁጥር በፈረንጆቹ ነው።

ያም ሆኖ የወሰንኩት በቦብ ማርሌይ አይደለም። ልጄ የእግሬን ፎቶ ልታነሳ ማስመሪያ አጠገቡ አስቀምጣ ለካችው። 9 ሚሊ ሜትር። ከዚያ "መጀመሪያ መቼ ነው ያየኸው?" አለችኝ። ወሩን ነገርኳት። ቀኑን ሳይቀር። እንግዳ መጥቶ ጫማዬን ሳወልቅ ነበር አልኳት።

"ግድ ያልሰጠህን ነገር ቀኑን እንዴት አስታወስከው አባዬ?"

መልስ አልነበረኝም። ስልኩን አነሳሁ።

ስልኩ ላይ ያለችው ትንሽ ነገር ትጠቅማለች፣ ላንሳት። "እግሬ ላይ የሆነ ነገር ወጥቶ" ልል ነበር። ልጄ ከጎኔ ሆና ጻፈችልኝ፣ አነበብኩት፦ "እግር መዳፌ ላይ ያለ ጥቁር ነገር ነው፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ሰፍቷል፣ መልኩ ተቀይሯል፣ አንዴ ደምቷል።" ቀጠሮ ያዡዋ መጀመሪያ ሩቅ ቀን ልትሰጠኝ ጀምራ ነበር። ይህን ስትሰማ ቀረብ አደረገችው።

ሐኪሟ በዕድሜ ልጄን ታክላለች። መጀመሪያ እግሬን አላየችም፣ ጠየቀችኝ። መቼ ጀመረ? ምን ተቀየረ? ያሳክካል? ደምቷል? ከቤተሰብ እንዲህ ዓይነት ነገር የነበረበት አለ? ምን ቀብተውበታል? የመጨረሻዋ ጋ ስደርስ አንገቴን ደፋሁ። አሲዱን ተናዘዝኩ። አልተቆጣችም። "ጥሩ አደረጉ የነገሩኝ፤ የማየውን ነገር ስለሚለውጠው ማወቅ ነበረብኝ" አለች።

ከዚያ ልብሴን እንዳወልቅ ነገረችኝ። ለእግር መጥቼ! ጀርባዬን፣ የራስ ቅሌን፣ ከጆሮዬ ኋላ፣ መዳፎቼን፣ ጥፍሮቼን ሁሉ አየች። አንድ የሚቀያየር ነገር ያለበት ሰው እሱ የማያየው ቦታ ላይ ሌላ ሊኖርበት ይችላል አለችኝ። ጀርባዬ ላይ ስጋት የሆነብኝ ሌላ ቡናማ ነገር ነበር፤ በዕድሜ የሚመጣ፣ ሰም ጠብ ብሎ የተለጠፈ የሚመስል። አየት አድርጋ "እሱ ጉዳት የለውም" ብላ አለፈችው። ጥፍር ቀለም ለሚቀቡ ሰዎች ደግሞ አንድ ነገር አለች፦ ለምርመራ ስትመጡ አስለቅቃችሁ ኑ።

እግሬን ያየችበት መሣሪያ ደርማቶስኮፕ ይባላል። መብራት ያለው አጉሊ መነጽር ነው፣ በእጅ የሚያዝ። በስልኳ አንስታ አሳየችኝ። የእግር መዳፍ ልክ እንደ ጣት አሻራ መስመር መስመር አለው። ከፍ ከፍ ያለው ጉብታው ነው፣ በመካከሉ ያለው ቦዩ ነው። እንደ ታረሰ መሬት። ጤነኛ ጥቁር ነጥብ ከሆነ ቀለሙ አብዛኛውን ጊዜ ቦዩን ተከትሎ ይሄዳል። ሜላኖማ ሲሆን ቀለሙ ጉብታው ላይ መውጣት ያዘወትራል። የእኔ? ከፊሉ ቦይ ለቦይ ይሄዳል፣ አሲዱ የላጠው ቦታ ላይ ግን ምስሉ ተበላሽቶ አይለይም። ያኔ የልጅቷ "ሐኪሙ ማየት ያለበትን ነገር ነው የማጠፋው" ያለችው ጭንቅላቴን መታኝ።

ስለ ጥቁር ቆዳም ጠየቅኳት። ቆዳችንን የሚያጠቁረው ሜላኒን ከፀሐይ ጉዳት ይከላከላል፣ ስለዚህ ፀሐይ የምታመጣው የቆዳ ካንሰር በጥቁር ሰው ላይ ይቀንሳል። እጅ መዳፍ፣ እግር መዳፍና ጥፍር ሥር የሚወጣው ግን ዋና ሰበቡ ፀሐይ አይደለም፤ ነጩንም ጥቁሩንም ይይዛል። ጥቁር ሰው ሜላኖማ ሲይዘው ብዙውን ጊዜ የሚወጣውም እነዚህ ቦታዎች ላይ ነው። እግር መዳፉን ደግሞ ማን ያያል? ስለዚህ ብዙዎቹ ዘግይተው ይመጣሉ። ሐኪሞች ለማስታወስ የሚጠቀሙባቸው ምልክቶች አሉ፦ ግማሹ ከግማሹ አለመመሳሰሉ፣ የጠርዙ መጎርበጥ፣ የቀለሙ መዘበራረቅ፣ ከ6 ሚሊ ሜትር መብለጡ። እነዚህ አራቱ በፈረንጆቹ 1985 ነው የወጡት፣ አምስተኛው በ2004 ተጨመረ። አምስተኛው "መለወጥ" ነው። እሷ ግን ከሁሉ የምታስቀድመው ይህን የመጨረሻውን ነው። "የሚቀየር ከሆነ ትንሽም ቢሆን ያሳዩኝ" አለች። ጥቁር ያልሆኑ፣ ሮዝ ወይም የቆዳ መልክ ያላቸው ሜላኖማዎችም አሉ፤ ቀለም ብቻ ማየት ያታልላል።

"በዓይን ብቻ አልፈርድም፤ ሙሉውን አውጥተን እናስመርምረው" አለች። ከዙሪያው ትንሽ ጤነኛ ቆዳ ጨምራ ቆረጠችው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የእግር መዳፍ ላይ የሚወጋ ማደንዘዣ ያማል። ቆዳው ወፍራም ነው፣ መርፌው ያቃጥላል። ሳትወጋኝ በፊት "ይሄ ያማል፤ ለጥቂት ሰከንድ ነው፤ ከዚያ ምንም አይሰማዎትም" አለችኝ። ልክ እንዳለችው ሆነ። "ምንም አያምም" ብላኝ ቢሆን ኖሮ ቀጥሎ የምትለውን አላምናትም ነበር። የተቆረጠችው ቁራጭ ፈሳሽ ባለበት ጠርሙስ ገባች፣ የተቆረጠ ሥጋ ወደሚመረመርበት ክፍል፣ ወደ ፓቶሎጂ ተላከች። ስፌቱ ሁለት ሳምንት ቆየ። በተቻለኝ መጠን አልረገጥኩበትም። የሁለት ሳምንት ጌታ ሆኜ ከረምኩ።

ውጤቱ በ10ኛው ቀን መጣ። ካንሰር አይደለም። ጤነኛ የቆዳ ነጥብ ነው፣ "ማርያም የሳመችው" የምንለው ዓይነት። ሲረገጥ፣ ሲፋተግ፣ በእኔ አሲድ ሲቃጠል የተቆጣ። ጠርዙም ንጹሕ ነው፣ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል።

እፎይ ካልኩ በኋላ የመጣብኝ ስሜት እፍረት ነበር። "እንግዲህ በከንቱ አለፋኋችሁ" አልኳት። ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረችው። "ከአንድ ዓመት በፊት መጥተው ይሄኑ ውጤት ቢያገኙ ኖሮ አንድ ዓመት ካልሲ ሲለብሱ ግድግዳ አያዩም ነበር" አለች። ለካ ያን ነግሬያት ኖሯል። "ይሄ ውጤት የሚታወቀው ከወጣ በኋላ ነው። ሌላ የሚቀየር ነገር ካዩ ተመልሰው ይምጡ፤ ያኔም ጤነኛ ቢሆን ደስ ይለኛል።"

ሐኪም የምጠቁመው በዚህ ነው። የሚያስደስት ውጤት ስለሰጠችኝ አይደለም፣ ውጤቱን እሷ አልሠራችውም። ጠይቃ የምትሰማ፣ ልብስ አስወልቃ የምታይ፣ የሚያመውን ያማል የምትል፣ ተመለስ የምትል ስለሆነች ነው። ፔዲኪውሯን ደግሞ ለምን እንደምጠቁም ነግሬያችኋለሁ። እግራችሁን የምትሰጡት ሰው ያገኘውን ሁሉ የሚሞርድ ከሆነ ሌላ ሰው ፈልጉ።

ስፌቱ ከተፈታ በኋላ ልነግራት ሄድኩ። በር ላይ ስታየኝ መጀመሪያ ፊቴን አይደለም ያየችው፣ እግሬን ነው። ሁሉንም ነገርኳት። ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ ቶሎ ብላ ጠረገችው።

"ቁስሉ በደንብ እስኪደርቅ ሌላ ሦስት ሳምንት ይጠብቁ" አለችኝ። "ከዚያ ይምጡ ጋሼ። የግራው ተረከዝ ይቀረናል።"