ለቶርኖዬ ልብስ የሰፉልኝ ጋሼ

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ማመስገን ስላለብኝ ነው። ቶርኖ ቤት፣ ብረት እያዞሩ የሚቆርጡበት ማሽን ያለበት ሱቅ፣ ያላችሁ ደግሞ፣ በተለይ ኮምቦልቻና ደሴ አካባቢ ያላችሁ፣ እኔ የደከምኩትን ያህል እንዳትደክሙ ብዬ ነው።

ሰውየው ሸራ ሰፊ ናቸው። የባጃጅ ሸራ፣ የአይሱዙ ሸራ፣ የመኪና ወንበር ልብስ ይሰፋሉ። ኮምቦልቻ ውስጥ ከአንድ ጎሚስታ ጎን ባለች ጠባብ ሱቅ ነው የሚሠሩት። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል፣ እኔም እዚህ ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ። ስማቸውንና ስልካቸውን አደባባይ ላይ እንዳላወጣ ነግረውኛል። የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ።

የሠሩልኝ የቶርኖዬን የሊድ ስክሩ ሽፋን ነው። ቶርኖ ለማያውቅ በአጭሩ ላስረዳ። ከማሽኑ ፊት ለፊት፣ ከአልጋው (ካሬጁ ከሚንሸራተትበት ረጅም መቀመጫ) በታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ የተዘረጋ ረጅም ባለ ጥርስ ዘንግ አለ። ሊድ ስክሩ የምንለው እሱን ነው። ጥርስ በምናወጣበት ጊዜ ካሬጁን፣ መቁረጫውን ተሸክሞ የሚሄደውን ክፍል፣ ልክ በልኩ የሚጎትተው እሱ ነው። ካሬጁ ውስጥ ለሁለት የተከፈለ የነሐስ ዳዶ አለ። እጀታውን ስትጫነው ዳዶው ይዘጋና ዘንጉን ግጥም አድርጎ ይይዛል። የኔ ቶርኖ ዘንግ አንድ ዙር ሲዞር ካሬጁ 6 ሚሊ ይሄዳል። ያ 6 ሚሊ ከተዛባ የምታወጣው ጥርስ ሁሉ ይዛባል።

ችግሩ ይህ ዘንግ ክፍት መሆኑ ነው። ከላይ የሚቆረጠው ፍቅፋቂ እሱ ላይ ይወርዳል። ከሁሉም የባሰው ጊዛ፣ ካስት አይረን የሚባለው ብረት፣ ነው። ጊዛ እንደ ሌላው ብረት ተጠቅልሎ አይወጣም፣ ዱቄት ሆኖ ይረግፋል። ቆዳው ላይ ደግሞ ሲቀለጥ የያዘው አሸዋ አለ። ያ ዱቄት ግራሶ የተቀባ ዘንግ ላይ ሲያርፍ ሜካኒኮች ቫልቭ የሚሞርዱበትን ፓስታ ይሆናል። እኔ ደግሞ ለዓመታት ግራሶ ስቀባ ኖሬያለሁ። ማሽኔን የምንከባከበው መስሎኝ ነው።

ነገሩ የገባኝ አንድ የዘይት መጭመቂያ ዘንግ ሠርቼ ሲመለስብኝ ነው። ጥርሱ ወደ 40 ሳንቲም የሚረዝም ሥራ ነበር። ዳዶው እስከ መሃል ያለ ችግር ሄደ፣ ከዚያ ቀጥ አለ። ደንበኛዬ አልጮኸብኝም። ዘንጉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ «እስቲ አንተው እየው» አለኝና ወጣ። ያን ቀን ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ማታ ሠራተኞቹ ከሄዱ በኋላ ሊድ ስክሩን በነጭ ጋዝ አጠብኩት። በቀኝ በኩል፣ ካሬጁ ብዙ በማይደርስበት ቦታ፣ ጥርሱ ደህና ነው። ጫፉ ጠፍጣፋ ነው፣ ትራፔዝ ቅርፁም አልጠፋም። ወደ ማንድሪኖው፣ የሚሠራውን ብረት ነክሶ ወደሚያዞረው ክፍል፣ ስጠጋ ግን ጥርሱ እየሳሳ መጣ። ሥራ የሚበዛበት ቦታ ላይ ጫፉ እንደ ቢላ ስሏል፣ ጣቴን ሊቆርጠኝ ምንም አልቀረውም። እናንተም ዛሬውኑ የራሳችሁን አጥባችሁ ሁለቱን ጫፎች አስተያዩ። ከዚያ የቀለለ ምርመራ የለም፣ መሣሪያም አይፈልግም።

ዘንጉን ከተፈታ ተመሳሳይ ቶርኖ ላይ ገዝቼ ቀየርኩ። ዳዶውን በነሐስ አሠራሁ። ወገቤን ያጎበጠ ወጪ ነበር። አዲሱን ልክ እንደ አሮጌው ክፍቱን ልተወው ስላልፈለግኩ ሽፋን ፍለጋ ጀመርኩ።

ከውጭ የሚመጣው ጥሩው ዓይነት ከስስ የብረት ላሜራ የተጠቀለለ ነው። እንደ ሞላ ይዘረጋል፣ እንደ ሞላ ይሰበሰባል። አንድ አስመጪ ከካሬጁ በስተግራ ላለው ወገን ብቻ 38 ሺህ ብር አለኝ። ሰውየው ላይ አልፈርድም። ዶላር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር ካለፈ ወዲህ የማሽን ዕቃ ዋጋ እንዲህ ሆኗል። እኔ ግን አቅሙ የለኝም።

ስለዚህ በራሴ ሞከርኩ። መጀመሪያ የመኪና ካላማዳሪ ቆርጬ እንደ ቱቦ አለበስኩት። በሦስተኛው ሳምንት ዘይት ጠጥቶ አበጠ፣ ለስልሶም እጅ ላይ የሚጣበቅ ሆነ። የካላማዳሪ ጎማ ከማሽን ዘይት ጋር አይስማማም፣ ማንም እንዳይሞክረው። ቀጥሎ የመኪና መሪ ኩፊያ፣ እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፈውን ሽፋን፣ ገዛሁ። ኩፊያ ዘይትና ግራሶ ይችላል፣ ግን አጭር ነው። ጠረጴዛ ላይ ለሚቀመጥ ትንሽ ቶርኖ ወይም ለላይኛው ትንሹ ስላይድ ጥሩ ነው፣ ለኔ ግን አልደረሰም። አንድ ጓደኛዬ ጨርቅ ጠቅልልበት አለኝ። ይህን በፍጹም አታድርጉ። የሚዞር ዘንግ ላይ የተጠቀለለ ጨርቅ አንድ ቀን የሰው እጅ ይዞ ይገባል።

ጋሼ ጋ የሄድኩት ለሌላ ጉዳይ ነበር። የሱቄ በር ላይ ያለው ሸራ ተቀዶ ላሰፋ ነው የወሰድኩት። እየጠበቅኩ ሳለ ስለ ቶርኖው አወራኋቸው፣ እንዲያው ለወሬ ያህል። መርፌያቸውን አቆሙና አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ።

«የቱ ነው የሚዞረው? የቱ ነው የሚቆመው?»

ከዚያ በፊት ያማከርኳቸው ሰዎች ሁሉ ርዝመቱንና ውፍረቱን ነበር የሚጠይቁኝ። እሳቸው የነገሩን ልብ ያዙ። ዘንጉ ይዞራል፣ ሽፋኑ ግን መቆም አለበት። ሁለቱ ከተነካኩ ሽፋኑ ተጠምዝዞ ይቀደዳል። «አብሽር፣ መጥቼ ልየው» አሉኝ።

በማግስቱ መጡ። ሜትራቸውን ሳያወጡ ዱካ ስበው ቶርኖው አጠገብ ቁጭ አሉና ግማሽ ሰዓት ያህል ዝም ብለው አዩ። ሥራ አላስቆሙንም። ፍቅፋቂው የት እንደሚወድቅ፣ ካሬጁ እስከ የት እንደሚሄድ በዓይናቸው ሲከተሉ ቆዩ። ከዚያ ጥግ ላይ የተጣለ የሲሚንቶ ከረጢት አነሱ። ወረቀቱን እንደ አኮርዲዮን አጣጠፉት፣ ከፈቱት፣ መልሰው አጠፉት። የተሰበሰበውን በሁለት ጣታቸው ጨምቀው ለኩና «ይቺ ናት ችግሯ» አሉ።

እውነትም ችግሩ እሱ ነበር። የኔ ካሬጅ ወደ ቀኝ ሲሄድ በግራ በኩል 90 ሳንቲም ይከፈታል። አንድ እጥፋት ሲዘረጋ 5 ሳንቲም ይሸፍናል፣ ስለዚህ 18 እጥፋት ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ሲታጠፍ 6 ሚሊ ቢይዝ የተሰበሰበው ክምር ወደ 11 ሳንቲም ይጠጋል። ካሬጁ ወደ ማንድሪኖው ለመቅረብ 11 ሳንቲም ያጣል ማለት ነው። ይህን ስሌት ማንም አልነገረኝም ነበር። እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፍ ሽፋን የምታሠሩ ሁሉ ከሁሉ በፊት የተሰበሰበውን ውፍረት አስቡ።

ጋሼ መላ አገኙለት። ሽፋኑን ከዘንጉ የሚያርቀውን ቀለበት ለየእጥፋቱ ከማስገባት በየሦስተኛው እጥፋት ብቻ አደረጉት። ክምሩ ወደ 7 ሳንቲም ወረደ። ማንድሪኖው ራሱ ወደ ፊት ገፍቶ ስለሚወጣ ካሬጁ ከዚያ በላይ መጠጋት የሚያስፈልገው እምብዛም ነው። ቢያስፈልግም ሽፋኑ በርዝመቱ ተከፋች ነው፣ በአንድ ደቂቃ አወልቀዋለሁ። ሊድ ስክሩን መፍታት ሳያስፈልገኝ ያለበስኩትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ቀለበቶቹን ከምን እንደሠሯቸው ልንገራችሁ። ከቢጫ ዘይት ጀሪካን ነው። የጀሪካኑን ጎን በመቀስ ቆርጠው መሃሉን ከዘንጉ ትንሽ ሰፋ አድርገው ከፈቱት። ያ ፕላስቲክ ያንሸራትታል፣ ዘይትም አይጎዳውም። ዘንጉ ውስጡ ይዞራል፣ ቀለበቱ እንዳለ ይቆማል። እጄን ሽፋኑ ላይ አድርጌ ማሽኑን ሳስነሳ ምንም ሲንቀሳቀስ አልተሰማኝም። በዚያች ደቂቃ የተሰማኝን ደስታ ቶርኖ ላይ የሠራ ሰው ያውቀዋል።

የመጀመሪያው ግን እንከን ነበረው፣ እሱንም ሳልደብቅ ልጻፈው። ሙሉ በሙሉ ሸራ ነበር። ብረት በፍጥነት ስንቆርጥ የሚወጣው ሰማያዊ ፍቅፋቂ ትኩስ ነው፣ በሳምንቱ ሸራውን አምስት ቦታ ቀዳው። የናይለኑም ክር ሁለት ቦታ ቀለጠ። ፎቶ አንስቼ ላክሁላቸው። ከሰዓት በኋላ ራሳቸው መጥተው አውልቀው ወሰዱት።

ይዘውት ሲመለሱ የላይኛው ግማሽ ቆዳ ለብሷል። ከተማችን የቆዳ ፋብሪካ ያለበት ስለሆነ ቁርጥራጭ አይጠፋም። ክሩን በጫማ ሰፊዎች ሰም የተቀባ የጥጥ ክር ቀይረውታል። መክፈቻውን ወደ ታች አዙረውታል፣ ፍቅፋቂ እንዳይገባበት። ካሬጁ ጋ በሚገናኝበት ጫፍ ላይ ደግሞ ያልጠየቅኳቸውን ጨምረዋል፤ ከአሮጌ ባና የተቆረጠ ቀለበት። የበግ ፀጉሩ ዘይት ይዞ ይቆይና ካሬጁ በሄደ ቁጥር ዘንጉን ይጠርገዋል። ለዚህ ሁሉ ተጨማሪ አንድ ብር አልተቀበሉኝም። «ያልሠራ ዕቃ ሸጬ ነበር እኮ» ነው ያሉኝ።

በቀኝ በኩል ያለውንም በቆዳ እንዲሠሩልኝ ጠየቅኳቸው። እምቢ አሉ። «እዚያ ምን ይወድቅበታል? ሸራ ይበቃዋል፣ ገንዘብህን አታባክን።» ከደንበኛ ኪስ የሚገባውን ገንዘብ ራሱ የሚከለክል ባለሙያ በዕድሜዬ ብዙ አላየሁም።

ሁለቱም ወገን በድምሩ 2,800 ብር ከፈልኩ።

አሁን አምስት ወር ሆኖታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ማሽኑን አጥፍተን ሽፋኑን እንከፍታለን። ግራሶ ትቼ ቀጭን ዘይት ብቻ ነው የምቀባው። ነጭ ጨርቅ በዘንጉ ላይ ስጎትት ዘይት እንጂ ጥቁር ጭቃ አይወጣም። ያንን የዘይት መጭመቂያ ዘንግ እንደገና ሠርቼ ሰጥቻለሁ፣ ዳዶው ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣት ይሄዳል። ደንበኛዬም ተመልሷል። ለትዕግሥቱ እሱንም ከልቤ አመሰግነዋለሁ።

ጋሼ ጋ የምትሄዱ ከሆነ እነዚህን ይዛችሁ ሂዱ። የዘንጉን ውፍረት በካሊበር ለኩ። ካሬጁ ወደ ሁለቱም ጫፍ ሲደርስ በግራና በቀኝ የሚከፈተውን ርዝመት ለኩ። በዘንጉና በአልጋው መካከል፣ እንዲሁም ከጎኑ ባለው ሌላ ዘንግ መካከል ስንት ሚሊ ክፍተት እንዳለ ለኩ፣ የሽፋኑን ስፋት የሚወስነው እሱ ነው። ከተቻለ ግን ራሳቸው መጥተው እንዲያዩት አድርጉ፣ የትራንስፖርት ብቻ ነው የሚጠይቁት። ያለቀ ዘንግ ላይ ደግሞ ሽፋን አታልብሱ፣ መጀመሪያ ዘንጉን ቀይሩ።

ቀጠሮ ላይ ትንሽ ይዘገያሉ፣ የኔን አራት ቀን አሳልፈውታል። ሲሰፉ ስልክ አያነሱም። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ቶሎ አይመለሱም፣ ስለዚህ ጠዋት ሂዱ።

ጋሼ፣ ልጅዎ ይህን እንደሚያነብልዎት ነግሮኛል። እጅዎ ይባረክ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። የጎረቤቴ የፍሪዛ ማሽንም ልኬት ተዘጋጅቷል፣ ማክሰኞ ጠዋት ይዤልዎት እመጣለሁ።