የፍሬኔን ችግር ከሥሩ ላገኙልኝ መካኒክ ምስጋና

የመኪናዬ የቀኝ የፊት ጎማ ትንሽ ከተነዳ በኋላ በኃይል ይግላል፣ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ይሸታል፣ መሪውም ወደ ቀኝ ይጎትታል። አንድ ጋራዥ ሸራውንም ዲስኩንም (ከጎማው ጋር የሚዞረውን ብረት) ቀይሮልኝ ነበር፤ ሽታው ግን ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ። ቀጥሎ ደግሞ ካሊፐሩ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጨብጠው ክፍል) ይቀየር ተባልኩ። ካሊፐሩን ሳይቀይሩ ችግሩን ላገኙልኝ መካኒክ በአደባባይ ምስጋናዬን ማቅረብ እፈልጋለሁ።

ጋሼ (ሁላችንም የምንጠራቸው እንዲህ ነው) ቁልፍ ከማንሳታቸው በፊት ጠየቁኝ። ገና ስትነሳ ነው የሚይዘው ወይስ ከተነዳ በኋላ? ቆማ ስትበርድስ ይለቃል? ከዚያ አብረን ነድተን ተመለስንና የአራቱንም ጎማ ፍሬን ሳይነኩ በሙቀት መለኪያ ለኩ። የፊት ቀኙ ከፊት ግራው እጅግ ይበልጥ ነበር። «ልጄ፣ ፍሬን ሲሠራ መሞቁ አይቀርም። ግራና ቀኙ ሲራራቁ ነው መጠርጠር» አሉኝ።

ሙያቸው የታየኝ ከዚያ በኋላ ነው። ፍሬኑ ሳይበርድ ቶሎ በክሪክ አነሷት፤ ከበረደ ይለቅና ምርመራው ከንቱ ይሆናል። ጎማው በእጅ አልዞር አለ። የዓይን መከላከያ አድርገው መጀመሪያ የፍሬን ዘይት የሚያመላልሰው የብረት ቧንቧ ከላስቲክ ቱቦው ጋር የሚገናኝበትን ፈታ አደረጉት። ጎማው አሁንም አልዞረም። ይህ ማለት ግፊቱን የያዘው ከላይ ያለው ማስተር ሲሊንደር (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው ክፍል) አይደለም። ቀጥለው ካሊፐሩ ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ብሎን ሲከፍቱ ዘይቱ ፊጭ አለና ጎማው ወዲያው ተለቀቀ። ካሊፐሩ ውስጥ ሸራውን የሚገፋው ፒስተን ዝጎ ወይም የካሊፐሩ ማንሸራተቻ ፒኖች ደርቀው ቢሆን ኖሮ ግፊቱ ወጥቶም ጎማው እንደተያዘ ይቀር ነበር። ስለዚህ ችግሩ በብረት ቧንቧው መጋጠሚያና በካሊፐሩ መካከል ነው፤ በመካከል ያለው ደግሞ ተጣጣፊው የላስቲክ ቱቦ ብቻ ነው።

የወጣውን ቱቦ ለሁለት ሰንጥቀው አሳዩኝ። ውጩ ደህና ነው፤ ስንጥቅ እንኳ የለውም። ውስጡ ግን አብጦ ቀዳዳው ሊዘጋ ደርሷል። ፔዳሉ ሲረገጥ ግፊቱ ከባድ ስለሆነ ዘይቱ ገፍቶ ያልፋል፤ እግር ሲነሳ ግን ፒስተኑን ወደ ኋላ የሚመልሰው የፒስተኑ ማሸጊያ ጎሚኒ ትንሽ መሳሳብ ብቻ ስለሆነ ዘይቱ መመለስ ያቅተዋል። ሸራው ዲስኩን እንደያዘ ይነዳል ማለት ነው። አዲስ ሸራ ቢገባበትማ ያንኑ እሳት ከመብላት በቀር ምን ያደርጋል!

የፊት ቱቦዎችን ግራና ቀኝ ቀየሩ፤ አንዱ ካረጀ ሌላውም እኩያው ነው። ፒኖቹን ለፍሬን በተሠራ ግራሶ ቀቡ፤ ተራው ግራሶ ጎሚኒውን ያሳብጣል። ዘይቱንም ሙሉ በሙሉ ለውጠው አየሩን አስወጡ። ይህንን ማንም ችላ እንዳይል እለምናለሁ። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የተባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት አዲስ ሲሆን የመፍያ ነጥቡ ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ እርጥበት ሲይዝ ግን ዝቅተኛው መስፈርት 155 ነው። በጋለ ፍሬን ላይ ዘይቱ ፈልቶ እንፋሎት ከሆነ ፔዳሉ ያለ ምንም ጉልበት ወለል ድረስ ይወርዳል። ልጆች ጭኖ ለሚነዳ ሰው ከዚህ የከፋ ምን አለ?

ከጨረሱ በኋላ እንደገና ነድተን ለኩ፤ ግራና ቀኙ ተቀራረቡ። አሁን መሪው ቀጥ ብሏል፣ ሽታውም የለም።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እጅዎ ይባረክ። ስልካቸውን ሳላስፈቅድ እዚህ አልለጥፍም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ ግን መኪናው የሚይዘው መቼና እንዴት እንደሆነ አጥርታችሁ ንገሯቸው፤ ሥራቸውን የሚጀምሩት ከዚያ ነው።