«ባክ ኢን ብላክ» በሸክላ፦ ከስምንት ወር በኋላ የአሥሩ ዘፈኖች ደረጃ

ይህ የሮክ ባንዱ የኤሲ/ዲሲ አልበም በሸክላ ፒያሳ ውስጥ፣ ወለሉ ጣውላ በሆነ ቤት፣ በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ ሲዞር ስምንት ወር ሆኖታል። በመጀመሪያው ሳምንት የወጣለት የዘፈኖች ደረጃ አሁን ተገለባብጧል። ግማሹን የቀየረው ጆሮ ሲሆን ግማሹን ደግሞ ዘፈኑ ሸክላው ላይ ያረፈበት ቦታ ነው።

በደቂቃ 33⅓ ዙር የሚዞር ሸክላ ዳር ላይ በመርፌው ሥር በሰከንድ 51 ሳንቲሜትር ያህል ያልፋል። ወደ መሐል ሲጠጋ ግን ወደ 21 ይወርዳል። ያው ድምፅ አጭር መስመር ላይ ሲጨመቅ «ስ» እና «ሽ» ይሻክራሉ፣ ሲምባሉም ይሰነጣጠቃል። የመጀመሪያው ገጽ 22 ደቂቃ፣ ሁለተኛው 20 ደቂቃ ያህል ስለሆነ የሁለቱም ገጾች መጨረሻ ይጎዳል።

አንደኛ «ባክ ኢን ብላክ»። ሁለተኛውን ገጽ ስለሚከፍት ሰፊው መስመር ደርሶታል። ሪፉ፣ ማለትም እየተደጋገመ የሚመለሰው የጊታር ሐረግ፣ ኢ፣ ዲ እና ኤ ኮርድ ብቻ ነው፤ ጉልበቱ ያለው በመካከላቸው በተተወው ዝምታ ላይ ነው። ቀጥሎ የምትወርደዋ አጭር ሐረግ ጂ፣ ኢ፣ ዲ፣ ቢ፣ ኤ ትላለች። እነዚህ አምስት ድምፆች ከኢ ሲነሡ የባቲ ማይነር ድምፆች ናቸው፤ በባቲ ያደገ ጆሮ ሐረጓን ቶሎ የሚይዛት ለዚህ ይመስለኛል። ፊል ራድ ድራሙ ላይ አንድም ትርፍ ምት አይጨምርም። በመቶኛው ጊዜም አይሰለችም።

የማጫወቻው ፍጥነት የሚፈተነውም እዚሁ ነው። የመጀመሪያው ኮርድ ከተቃኘ ጊታር ኢ ጋር መግጠም አለበት። ከአሜሪካ የመጣ፣ በ110 ቮልት የሚሠራ አሮጌ ማጫወቻ በትራንስፎርመር ቢሰካም ትራንስፎርመሩ የሚቀይረው ቮልቱን እንጂ ኸርዙን (መብራቱ በሰከንድ የሚመላለስበትን ቁጥር) አይደለም። ለ60 ኸርዝ የተሠራ፣ ፍጥነቱ ኸርዙን የሚከተል የኤሲ ሞተር በእኛ 50 ኸርዝ ሲነዳ 33⅓ ዙሩ ወደ 28 ገደማ ይወርዳል፣ ሙዚቃውም ሦስት የጊታር ፍሬት ያህል ዝቅ ይላል። ብዙ ሰው «ሸክላው ተበላሽቷል» የሚለው ይህን ሰምቶ ነው። መፍትሔው ለ50 ኸርዝ የተሠራ የሞተር ፑሊ መቀየር ወይም በዲሲ ሞተር የሚሠራ ማጫወቻ መያዝ ነው።

ሁለተኛ «ሄልስ ቤልስ»። የባንዱ ዘፋኝ ቦን ስኮት እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1980 ሞተ፤ አልበሙ በአዲሱ ዘፋኝ በብራያን ጆንሰን ድምፅ ጁላይ 25 ቀን ወጣ። ሽፋኑ ጥቁር የሆነው ለሐዘን ነው፣ የመክፈቻው ደወልም እንደዚሁ። ደወሉን በእንግሊዝ የላፍቦሮ ከተማ የጆን ቴይለር ፋብሪካ ሠራው፤ 900 ኪሎ ያህል ይመዝናል፣ ዘፈኑ ውስጥም 13 ጊዜ ይደወላል። የአራዳ ጊዮርጊስ ደወል ከተመታ በኋላ ድምፁ ምን ያህል እንደሚቆይ የሚያውቅ ሰው እዚህም ያንኑ ጭራ ይጠብቅ። ከተቆረጠ ወይም ከተጎረበጠ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የሸክላው ሳይሆን የአቧራው ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት የግንባታ አቧራ አለ፣ ደረቁ አየርም ሸክላውን ኤሌክትሪክ እያስያዘ አቧራውን ይስብበታል። ከእያንዳንዱ ገጽ በፊት በካርቦን ብሩሽ ሁለት ዙር፣ በወር አንድ ጊዜ ደግሞ በተጣራ ውሃና በማይክሮፋይበር ጨርቅ በመስመሩ አቅጣጫ መጥረግ ይበቃል። ውሃው ከመኪና ዕቃ ሱቅ «የባትሪ ውሃ» ተብሎ ሲገዛ አሲድ ያለበት አለመሆኑ ይረጋገጥ።

ሦስተኛ «ሹት ቱ ትሪል»፣ 5 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ። ወደ መጨረሻው ሁሉም ዝቅ ብሎ ጊታሩ ብቻውን ሲያንሾካሹክ፣ ከዚያ ባንዱ ተያይዞ ሲመለስ የአልበሙ ምርጥ ቅጽበት ነው። ጣውላ ወለል ላይ አንድ ሰው ካለፈ ግን መርፌው የሚዘለውም እዚያው ነው። ሳንቲም ጭኖ ማክበድ መስመሩን ይፍቃል። በ2 ግራም ጫና እንዲሠራ የተሰራ ካርትሪጅ (መርፌውን የሚይዘው ክፍል) ከ2.2 አይለፍ። ማጫወቻውን ግድግዳ ላይ በተመታ መደርደሪያ ማስቀመጥና ስፒከሩን ከዚያ ማራቅ መዝለሉን በእጅጉ ይቀንሳል።

«ዩ ሹክ ሚ ኦል ናይት ሎንግ» ከአንደኛ ወደ አራተኛ ወርዷል። አዝማቹ ጣፋጭ ነው፣ ግን ያለውን ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ይሰጣል።

አምስተኛው «ሮክ ኤንድ ሮል ኤይንት ኖይዝ ፖሉሽን» በሲዲ ቢሆን ሦስተኛ ይሆን ነበር። የሁለተኛው ገጽ ማብቂያ ላይ በመሆኑ የጆንሰን ድምፅ ይሻክራል። ካርትሪጁን በወረቀት ፕሮትራክተር (የመርፌውን አቀማመጥ መለኪያ ንድፍ) ማስተካከል ብዙ ረድቷል፤ ወረቀቱ ሲታተም መጠኑ መቶ በመቶ መሆን አለበት፣ አታሚው «ገጹን ሙላ» ካለ ልኬቱ ሁሉ ውሸት ነው። ስድስተኛው «ሼክ ኤ ሌግ» ጆንሰን ከጣሪያ በላይ የሚጮህበት ነው፤ ሸክላ ላይ ለጆሮ የሚከብደውም እሱ ነው።

ሰባተኛ «ሃቭ ኤ ድሪንክ ኦን ሚ»። ሪፉ ጥሩ ነው። ነገር ግን ስኮት ሲጠጣ ባመሸበት ሌሊት ከሞተ ከጥቂት ወራት በኋላ መጠጥ ማወደስ ደስ አይልም።

የመጀመሪያው ገጽ ሦስት ቀሪ ዘፈኖች፣ «ዋት ዱ ዩ ዱ ፎር መኒ ሃኒ»፣ «ጊቭን ዘ ዶግ ኤ ቦን» እና «ሌት ሚ ፑት ማይ ላቭ ኢንቱ ዩ»፣ በዚሁ ቅደም ተከተል ከስምንተኛ እስከ አሥረኛ ናቸው። ግጥማቸው ስለ ሴት የሚለው ባለጌ ነው፣ ዜማቸውም ያንን አያካክስም።

መብራት ሲጠፋ መርፌው በማንሻው ቶሎ ይነሣ፤ ሸክላው ላይ እንዳለ ሞተሩ በድንገት ሲነሣ ይጎትተዋል። ተራ የኤሊፕቲካል መርፌ 300 ሰዓት ያህል ያገለግላል፣ ማለትም ይህን አልበም ሙሉውን 430 ጊዜ ገደማ። ማለቁን ቀድሞ የሚናገረው «ሼክ ኤ ሌግ» ላይ ያለው የጆንሰን «ስ» ነው፤ እሷ መፋጨት ስትጀምር መርፌው ይቀየር።