ሶዲየሙ የተቀነሰ ጨው፦ ጣዕሙ ደህና፣ ማሸጊያው ያናድዳል

የደም ግፊት ያለበት ሰው ባለበት ቤት የጨው ነገር ጭቅጭቅ አያጣውም። አንዱ አነሰ ይላል፣ ሌላው በዛ። ሶዲየሙ የተቀነሰ የሚባለው ጨው እኛም ቤት ገብቷል፣ እኔ በበኩሌ ወድጄዋለሁ። ግን አንድ የሚያበሳጨኝ ነገር አለው፣ እመጣበታለሁ።

ተራ ጨው ማለት ሶዲየም ክሎራይድ ነው። እዚህኛው ላይ የተወሰነው ሶዲየም ክሎራይድ ወጥቶ በምትኩ ፖታሲየም ክሎራይድ ገብቷል። ሶዲየም ሰውነት ውሃ እንዲይዝ እያደረገ ግፊት ይጨምራል፤ ፖታሲየም ደግሞ ኩላሊት ትርፉን ሶዲየም በሽንት እንዲያስወጣ ያግዛል፣ የደም ስሮችንም ያላላል፣ ስለዚህ በአንድ ቁንጥር ሁለት ሥራ ይሠራል ማለት ነው። ወሬ ብቻም አይደለም። በቻይና ገጠር 21 ሺህ ገደማ ሰዎች የተሳተፉበትና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት፣ ሩብ ያህሉ ፖታሲየም ክሎራይድ የሆነ ጨው የተጠቀሙት ላይ ስትሮክ ተራ ጨው ከተጠቀሙት በ14 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቷል።

ጣዕሙስ? ብቻውን ብትቀምሱት መጨረሻ ላይ መረር ይላል። ሾርባ ወይም ባቄላ ውስጥ ግን ማንም አይነቃበትም። የሚያጋልጠው ሰላጣ ላይ ነው፣ እሱንም ሎሚ ጠብ ብታደርጉበት ይሸፈናል።

አሁን ወደ ብስጭቴ። ኩላሊቱን ለሚያመው ሰው፣ ወይም እንደ ኢናላፕሪል፣ ሎሳርታንና ስፓይሮኖላክቶን ያሉ መድኃኒቶችን ለሚወስድ ሰው ይሄ ጨው አደገኛ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ደም ውስጥ ፖታሲየም ሊከማች ይችላል፤ ከመጠን በላይ ሲከማች ደግሞ የልብ ምት ያዛባል። እንግዲህ ይሄን ጨው ፈልጎ የሚገዛው ማን ሆነና? ግፊት ያለበት ሰው፣ እነዚህኑ መድኃኒቶች የሚውጠው ሰው ነው እኮ! የእኛ ፓኬት ፊቱ ላይ ትልቅ የልብ ስዕል አለው፣ ማስጠንቀቂያው ግን ከጀርባ፣ መነጽር አድርጋችሁም በማይነበብ ደቃቅ ፊደል።

ደግሞ ተአምር አትጠብቁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ዳቦ፣ አይብ፣ ቋሊማና የታሸገ ምግብ ውስጥ ተደብቆ የሚገባውን ጨው ይሄ ፓኬት አይነካውም፤ "ሶዲየሙ ትንሽ ነው" እያለ እጥፍ የሚነሰንስማ ገንዘቡን ነው የከሰረው።

ለጣዕሙ አራት ኮከብ፣ ለማሸጊያው አንድ። መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ወጥ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ፓኬቱን ለሐኪማችሁ አሳዩት።